ወራጅ አለ!

ከ4000 ሜትር ከፍታ በፓራሹት መዝለል የሚማር ሰው ፍርሃቱን እንዲያሸንፍ በረጅሙ መተንፈስ ያስተምሩታል አሉ። ምን አደከማቸው! ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ይላኩትና ሚኒባስ ይሳፈር። ማንዴላስ በ1954 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና የመጡት ኮልፌ አይደል?

እዚህ ሥልጠናው የሚጀምረው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» በሚለው ነው። አራት ሰው ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ ስለሚጣበቅ የመተንፈሱ ትምህርት ይታለፋል። «ወራጅ አለ!» ሲባል ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ ሾፌሩ ግን ፍሬን መርገጥ የሠልጣኙን ሞራል እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ትናንት አንዲት እናት ነጠላቸውን በጥርሳቸው፣ የሽንኩርት ፌስታላቸውን በእጃቸው ይዘው ዘለሉ። በሁለት እግራቸው አረፉ። ፓራሹተኛው መጠባበቂያ ፓራሹት አለው፤ እሳቸው «በስመ አብ» አላቸው።

ሰርተፊኬት አልተሰጣቸውም። መልሳቸውም እንዲሁ።