ከቺቲምባ ወደ ላይ

ካርቶኖቻችን ከሊሎንግዌ አየር ማረፊያ አላለፉም። የጉምሩኩ ሠራተኛ አንድ በአንድ እየከፈተ ቀናቸውን አነበበ፤ የአብዛኞቹ መድኃኒቶች መጠቀሚያ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ወር ነው የቀረው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በእርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቀረው ይላል፤ መመሪያው ከወጣ (በ1996 እ.ኤ.አ.) ቆይቷል፣ የለገሰን አስመጪ ሊያውቀው ይገባ ነበር። ከአዲስ አበባ አብረውኝ የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተናደዱ፣ አንዷ እህት አለቀሰች። እኔ ሰውየውን አከበርኩት። ድሃ አገር የሌላው መጋዘን ማራገፊያ መሆን የለበትም።

ባዶ እጃችንን ወደ ሰሜን ቀጠልን፣ ወደ ሊቪንግስቶኒያ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ሎውስ ማላዊ ሐይቅ ዳር የደረሰው በ1875 እ.ኤ.አ. ነው። ሚሲዮኑ መጀመሪያ ኬፕ ማክሊር ሰፈረ፤ ወባው ሰው ሲፈጅበት ወደ ባንዳዌ ሄደ፤ በ1894 ደግሞ ሊቪንግስቶኒያ ወዳለችበት አምባ ወጣ። ሎውስ እስከ 1927 እዚያው አገር ሠርቷል። እኛ ይዘን የመጣነው የዓመት ፈቃዳችንን ነው። ይህን መንገድ ላይ ደጋግሜ አሰብኩት።

ከቺቲምባ ወደ አምባው የሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ሃያ ያህል ጠመዝማዛ አለው። ዝናብ ነበር። የተከራየነው ሚኒባስ ገና ሳይጋመስ ጭቃው ዋጠው። ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ክላቹ መሽተት ጀመረ፣ ቆመ። ሲመሽ አንድ ማቶላ ደረሰልን፤ እዚያ ሰውና ጭነት አብሮ የሚጭነውን ፒክአፕ እንዲህ ነው የሚሉት። የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናቡ እየወረደብን ወጣን። ሾፌሩ ሂሳብ አልቀበልም አለ። እግዚአብሔር ይስጠው።

የተመደብንበት ጤና ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ያለ ነው። ማላዊ ውስጥ ታካሚው የሕክምና ታሪኩን የያዘች ደብተር ራሱ ይዞ ይዞራል፣ የጤና ፓስፖርት ትባላለች። አንዲት እናት የእሷን በፕላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ቀኝ እጇ አይታዘዝም፤ ግፊቷ 210 በ120። ገጾቹን ገለጥኩ። አንድ እንግዳ ቡድን አምሎዲፒን ሰጥቷታል፣ የአንድ ወር። ከዚያ ወራት ባዶ። ሌላ ቡድን፣ ሌላ የእጅ ጽሑፍ፣ እንደገና የአንድ ወር። ከዚያ የቀኝ ጎኗ መስነፍ።

ደም ግፊት ዕድሜ ልክ የሚታከም በሽታ ነው። የሠላሳ ቀን ክኒን ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ሕክምና አይደለም፤ ይህን የምለው በወንጌል አገልግሎት ስለማምን ነው። ጸለይንላት፣ ጸሎት እንደሚሰማም አልጠራጠርም። ግን ክኒኑ ባለቀ ማግስትም አጠገቧ ሰው መኖር ነበረበት።

አዋላጇ ነርስ ማታ ንሲማ አቀረበችልን፣ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ከሐይቁ ዓሣ ጋር። ምን እንላክ አልናት። መድኃኒት አላለችም። የግፊት መለኪያ ከነባትሪው፣ ቤት ለቤት የሚዞሩትን፣ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ያሉትን ሠራተኞች ልኬት የሚያስተምር፣ ሦስት ወር የሚቀመጥ አንድ ሰው፤ ይኸው ነው።

ለካርቶን የምናዋጣው ገንዘብ ለዚህ እንዲውል ለሽማግሌዎቻችን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ከመሥሪያ ቤቴም ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።