ለሚመለከተው ክፍል፣ ባለበት
ጉዳዩ፦ የሱስ ሕክምናና ምርምር የት እንደሚገኝ

በኢትዮጵያ ሱስ አስያዥ ነገር ባለቤት የለውም የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም። ጫት ለምሳሌ ከማሳው ጀምሮ ባለቤት በባለቤት ነው። ሲበቅል ግብርና ያውቀዋል፤ ሲጫን ኬላ ይጠብቀዋል፤ የራሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጥቶለታል፤ ድንበር ሲሻገርም ከዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ተብሎ በሪፖርት ይመሰገናል። ባለቤቱ የሚጠፋው ቅጠሉ ጉንጭ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል።

መጠጥና ሲጋራ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ናቸው። አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሁለቱም እንዳይሸጡለት ከልክሏል። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን ሥራው ጠርሙሱን እንጂ ጠጪውን አይመለከትም። በ22 ዓመቱ ማቆም ያቃተው ወጣት ለመግዛት ሙሉ መብት አለው፤ ለመታከም ግን አድራሻ መጠየቅ ይኖርበታል።

አድራሻው በወረቀት ላይ ቅርብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን እስከ ጤና ጣቢያ አውርዶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያም ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ዕፆች ምዕራፍ አለው። ቤተሰብ በተግባር የሚያውቀው ግን አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤልን ነው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር ስሙ በየሰፈሩ ስድብ ሆኗል፤ ያለ በጀት የተካሄደ የማስተዋወቅ ሥራ ቢኖር ይኸው ነው። በሌሎች ሆስፒታሎች ያሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችም የሱስ ታካሚ ይቀበላሉ፤ ይህን የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ የተቀበሉት ሰው ነው። ጸበል በአንጻሩ ስትራቴጂም መመሪያም ሳይወጣለት የትኛው ቦታ እንደሚሻል፣ ስንት ቀን እንደሚያስቆይ፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የመረጃ ሥርጭት ያቃተው ክፍል ካለ ልምድ ልውውጡን ከዚያ ቢጀምር አያፍርም።

ምርምሩ ከሕክምናው ይልቅ መንገድ ያውቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ያሠለጥናል፤ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲፈልጉ ሱስ ሩቅ አይደለም። ከዚያም በፊት በቡታጅራ ከ10,000 በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ውጤት ግማሾቹ በጊዜው ጫት ይቅሙ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ቃሚን ደጁ ድረስ ሄዶ ማግኘት እንደሚቻል ከተረጋገጠ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የሚቀረው መጠይቁን የያዘውን ሰው ተከትሎ የሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው መላክ ነው።

ለአፈጻጸሙ ከውጭ አገር ልምድ መቅሰም አያስፈልግም። ጫት ከአወዳይ ተነሥቶ ሳይጠወልግ ድንበር እንዲሻገር የንግድ ፈቃዱ፣ ግብሩ፣ ጉምሩኩና መኪናው በአንድ ቀን ይናበባሉ። ያው ቅንጅት፣ በዚያው ፍጥነት፣ ለታካሚው ይፈቀድለት ዘንድ ይጠየቃል።

ግልባጭ፦
ለግብርና፣ ለንግድና ለገቢዎች፦ እንዲያውቁት
ለጤና፦ የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ እንዲያሳውቅ