የመሪ መንቀጥቀጥ ትርጓሜ በላይ ቤትና በታች ቤት

ንባብ፦ «መሪው ይንቀጠቀጣል።»

ይህችን ንባብ በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል አሮጌ መኪና የሚያመላልስ ሁሉ በቃሉ ይዟታል። ንባቧ ቀላል ነው፤ ጣጣው ትርጓሜው ላይ ነው። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እንደተከፈለ ሁሉ፣ የፊት እግር ሕማም ትርጓሜም በሰሜን ተራሮች ሥር ለሁለት ተከፍሏል። ላይ ቤት ደባርቅ ነው፤ ታች ቤት አዲ አርቃይ። መካከላቸው ሊማሊሞ አለ። ከጎንደሩ ክፍፍል የሚለየው እዚህ ታች ቤት የምር ታች መሆኑ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

የላይ ቤት ሊቅ ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት «ጎማ ነው» ይላል። አንድም ባላንስ ነው፤ አንድም ቸርኬው ተጣሟል፤ አንድም ጎማው ጎኑ አብጧል። የታች ቤት ሊቅ መኪናው ገና ሳይቆም «ፍሬን ነው» ይላል። አንድም ዲስኩ ተጣሟል፤ አንድም ሸራው እኩል አልተበላም፤ አንድም ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ መውረድ አይወድም። ይህ የመጨረሻው «አንድም» ሹፌሩ ባለበት አይነገርም፤ ለደቀ መዝሙር ብቻ የሚሰጥ ምሥጢር ነው።

ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው ስለሌላው የሚሉትን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ባለቤቱ ለሁለቱም መክፈሉን ብቻ መዝግበን እንለፍ።

ይህ ጥናት የልዩነቱን ምንጭ ፈልጎ የደረሰበት ነገር ቢኖር ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ነው፤ ግኝቱ ሁለቱንም ወገን እኩል አስቀይሟል። ደባርቅ የሚደርስ መኪና የዳባትን ሜዳ በፍጥነት ጨርሶ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ «80 ስገባ ይንቀጠቀጣል፣ ከ100 ሳልፍ ይተወኛል» ይላል። አዲ አርቃይ የሚደርሰው ደግሞ ሊማሊሞን ወርዶ ነው፤ የዚህኛው ባለቤት አቤቱታ «ፍሬን ስይዝ» የሚል ነው። ሊማሊሞ ላይ 80 መንዳት የቻለ ካለ ምስክርነቱን ሊሰጠን አልተመለሰም። ስለዚህ አዲ አርቃይ ውስጥ ባላንሱ የተዛባ መኪና የለም፤ ሊታወቅ የሚችልበት ፍጥነት የለምና። ዳባት ላይም ዲስኩ የተጣመመ መኪና የለም፤ ሜዳ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሹፌር የለምና። «ምኑ ነው?» ተብሎ ከመጠየቁ በፊት «መቼ ነው?» ቢባል የክርክሩ ግማሽ ይቀር ነበር፤ የጋራዡ ገቢም እንደዚያው።

የላይ ቤትን ሐተታ በቁጥር እንየው። የአንድ ሚኒባስ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 11 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ቸርኬው ጠርዝ ላይ 30 ግራም ብቻ ትርፍ ክብደት ቢኖር በዚህ ፍጥነት ወደ 3 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትታል፤ ያውም በሰከንድ 11 ጊዜ፣ አንዴ ወደላይ አንዴ ወደታች። ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ ጉልበቱ ሰባት እጥፍ ይቀንስና 400 ግራም እንኳ አይሞላም። ታች ቤቶች «የላይ ቤት ተረት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ያው 30 ግራም ነው፤ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ግን ጨዋ ይሆናል።

የታች ቤት ሐተታ ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ተሳፋሪና ጭነት ጨምሮ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ሚኒባስ 1,000 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ጥቂት የብረት ዲስኮችና ታምቡሮች ናቸው። ሹፌሩ እንዲህ የጋለ ፍሬን ይዞ ኬላ ላይ ሲያስቆሙት እግሩን ሳያነሳ ይጠብቃል፤ ሸራው ያረፈበት ቦታ ላይ ማኅተሙን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያ ማኅተም በሸራው ሥር ሲያልፍ መሪው ይናገራል። ዲስኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጥ ወይም ይቀየር ከማለት በቀር ታች ቤት ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ማርሽ ቀንሶ መውረድ ነጻ ነው፤ ነጻ የሆነ መድኃኒት ደግሞ ታማሚው አያምንበትም።

ሁለቱን ቤቶች የማይቀበል ሦስተኛ ወገን አለ፤ ሹፌሮች ናቸው። ትርጓሜያቸው አጭር ነው፦ «መንገዱ ነው።» የዚህ ትርጓሜ ብልጫ ምንም ሳያስከፍል ጥፋቱን የሌለ ሰው ላይ መጣሉ ነው። የሊማሊሞን መንገድ የጠረበው ጣልያን ነው፤ ጣልያን ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መልስ ሊሰጥ አይመጣም። ጎሚስታው ለዚህ ወገን ያለውን አክብሮት የሚገልጸው የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት በማዛወር ነው። ይህ በእርግጥ መልካም ምርመራ ነው፤ መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ ወንበር ከሄደ ጥፋቱ የጎማው እንደሆነ ይረጋገጣል። በተግባር ግን ምርመራው እዚያው ላይ ፈውስ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚንቀጠቀጡት የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ሹፌሩ «ድኗል» ብሎ ያልፋል።

አራተኛው ወገን «ይለመዳል» የሚለው የባለቤቶች ወገን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ወገን እጅግ ተጠናክሯል። ያለውን መኪና የሚተካ ሌላ መኪና በአቅሙ እንደማያገኝ ያወቀ ሰው ከመንቀጥቀጡ ጋር ይታረቃል፤ ውሎ አድሮም በሌላ ሰው ጸጥ ያለ መኪና ሲሄድ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ላንድክሩዘር ለብቻው ይታያል። የድሮው የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ስለሆነ የግራው እግር የነካውን የቀኙ ይሰማል። ፐርኖው ወይም ቴስቲኒው ላልቶ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ እስኪያመልጥ ይወዘውዛል፤ ፍጥነቱ ክፉኛ ካልቀነሰም አይተውም። የተለመደው ሕክምና የመሪውን አሞርዛተር መቀየር ነው። የላላው ነገር እንደላላ ይቀርና ጩኸቱ ብቻ ለጥቂት ወራት ይታፈናል። አሠራሩ ከመኪና ውጭም የታወቀ ስለሆነ አናብራራውም።

የውጭ አገር የጥገና መጽሐፍ ጎማውን በክሪክ አንሥተህ 12 ሰዓትና 6 ሰዓት ላይ ይዘህ ነቅንቅ፣ ቀጥለህ 9 ሰዓትና 3 ሰዓት ላይ ያዝ ይላል። ላይና ታች ከተላወሰ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ይጠረጠራል፤ ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ ቴስቲኒ። በእኛ አቆጣጠር የፈረንጁ 12 የእኛ 6፣ የእሱ 6 የእኛ 12 ስለሆነ ጥናቱ ከባድ መፋለስ ይደርሳል ብሎ ሠግቶ ነበር። ስሌቱ ሲሠራ 12ና 6 ቦታ ተለዋውጠው ያው 6ና 12 ሆኑ፤ 9ና 3ም እንዲሁ። ሰዓታችን ከዓለም ሰዓት ጋር ያለ አንዳች ቅሬታ የሚስማማው የመኪና ጎማ ላይ ብቻ ነው።

ምርመራው ደባርቅ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ላይ ሲደረግ ታይቷል። መካኒኩ የኋላውን ጎማ በድንጋይ አስደግፎ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። «ዙር! መልስ! ዙር! መልስ!» ይላል፤ ረዳቱ ላይ ሆኖ መሪውን ግራና ቀኝ ያመላልሳል። የቴስቲኒው ጎማ ቆብ ተሰንጥቆ ግሪሱ ከአቧራ ጋር ደርቆ ጠጥሯል።

«ጋሼ፣ እስቲ ጣትዎን እዚች ላይ ያሳርፉ።»

ባለቤቱ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሰደዱ። ረዳቱ በመለሰ ቁጥር ከጣታቸው ሥር ትክ፣ ትክ ይላል።

«ኧረ! ታዲያ ለአዲ አርቃይ አያደርስም?»

«ያደርሳል እንጂ። መመለሱን ነው እኔ የማላውቀው።»

ቴስቲኒው ተቀየረ። ባለቤቱ ሊሞክሩት ወደ ዳባት ነዱ፤ 80 ሲገቡ መሪው እንደቀድሞው ተንቀጠቀጠ። ዳባት ላይ ሚኒባሱን ያጠበላቸው ልጅ ከየትኛውም ቤት አልተማረም፤ ንባቧም አልተነበበችለትም። ከፊት ቸርኬው የውስጥ ጎን የተጋገረ የክረምት ጭቃ አይቶ በእንጨት ፈለቀቀው፤ እፍኝ የሚሞላ ድርቅ ያለ ጭቃ ወደቀ። ሲመለሱ 80 ላይ መሪው ዝም አለ።

ላይ ቤት ወሬው ሲደርሰው ጭቃ የጎማ አካል መሆኑን አስረድቶ ግኝቱን የራሱ አደረገ። ታች ቤት በበኩሉ ጭቃው ከየት የመጣ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከአዲ አርቃይ መንገድ የተያዘ ከሆነ የሕማሙ ምንጭ ታች መሆኑ ነው። ቀለሙ እንዳይመረመር ልጁ በውሃ ጠርጎ ጨርሶታል።

ባለቤቱ በማግስቱ ተሳፋሪ ሞልተው ሊማሊሞን ወረዱ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ፍሬን ያዙ፤ መሪው ተንቀጠቀጠ። አዲ አርቃይ ሲደርሱ የታች ቤቱ ሊቅ ከሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ነበር፤ ሳይነሳ «ዲስኩ ነው አላልኩም?» አላቸው።