ጉዳዩ፦ ውጭ ስላደረው ሊኑክስ

ለማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን
ሬድመንድ፣ ዋሽንግተን

አመልካቾች፦ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስንም ሊኑክስንም ጭነው የሚገለገሉ ሰዎች

አመልካቾች ከሁሉ አስቀድሞ ለኩባንያዎ ያላቸውን ከፍ ያለ አክብሮት ይገልጻሉ። ባያከብሩስ ወዴት ይሄዳሉ? ዊንዶውስ ቀርቶ ሊኑክሳቸው እንኳ የሚነሣው በኩባንያዎ ፊርማ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በፈረንጆቹ ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ወዲህ ኮምፒውተሮች ሴኪዩር ቡት የሚባል ዘበኛ ተቀጥሮላቸዋል። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣውን ፕሮግራም ፊርማ ያያል፤ ያላወቀውን አያስገባም። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ዘበኛው የሚያውቀው የኩባንያዎን ፊርማ ነው። ስለዚህ የሊኑክስ ሰዎች ሺም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ሠርተው ለኩባንያዎ ያስፈርማሉ፤ ሺም ግሩብን ታስገባለች፤ ግሩብ ደግሞ «ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?» የሚለውን ሜኑ ያመጣል። በ2001 የኩባንያዎ ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ካንሰር ብለውት ነበር። በ2014 ተተኪያቸው ሳትያ ናዴላ ማይክሮሶፍት ሊኑክስን ይወዳል አሉ። አመልካቾች ፍቅሩን በደስታ ተቀብለዋል። አቤቱታው ከፍቅሩ በኋላ ስለመጣው ነው።

ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 13 ቀን 2024፣ ማክሰኞ፣ እዚህ አገር የፍልሰታ ጾም ተይዞ ሳለ፣ ኩባንያዎ ወርኃዊውን የደኅንነት አፕዴት ለቀቀ። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። ግሩብ የፊደል ቅርጾችን በሚያነብበት ኮድ ውስጥ የማስታወሻ ቦታን ወሰን የሚያስጥስ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ አጥቂ በዚያ በኩል ሴኪዩር ቡትን አልፎ ሊገባ ይችላል። ኩባንያዎም አፕዴቱ ሁለት ሲስተም የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች እንደማይነካ አስቀድሞ ቃል ሰጥቷል።

ነካቸው።

ኡቡንቱ፣ ደቢያን፣ ሚንት፣ ዞሪን፣ ፓፒ የጫኑ ሰዎች ማሽናቸውን አስነሥተው ወደ ሊኑክስ ሊገቡ ሲሞክሩ፣ ሜኑው ሳይመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ጠበቃቸው። የመጀመሪያው የደኅንነት ፖሊሲ ተጥሷል ይላል። ሁለተኛው አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል ይላል። ከዚያ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። አመልካቾች በዕድሜያቸው ከኮምፒውተር እንዲህ ያለ ሐቀኛ ቃል ሰምተው አያውቁም። ለሐቁ ሲባል ግን ቃሉ የሺም እንጂ የኩባንያዎ አይደለም፤ የኩባንያዎ ቢሆን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ያዘነ ፊት ይጨመርበት ነበር።

ምክንያቱ ሲጣራ፣ አፕዴቱ ኤስባት የሚባለውን ፖሊሲ ማዘርቦርዱ ላይ ጽፎ ሄዷል፤ እንደ ሺምና ግሩብ ያለ ጫኚ የትውልድ ቁጥሩ ከተወሰነው ካነሰ አይነሣም የሚል ነው። አመልካቾች ስለ ኤስባት ክፉ አይናገሩም። በ2020 ቡትሆል የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ የተበላሹትን ፋይሎች አንድ በአንድ በጥቁር መዝገብ ማስፈር አስፈልጎ፣ 32 ኪሎባይት ከምትሆነው መዝገብ 10 ኪሎባይት ያህሉን ያ አንድ ጉዳይ ብቻ በላው። በስም ከመመዝገብ በትውልድ ቁጥር መለየት ይሻላል መባሉ ትክክል ነው። ችግሩ ፖሊሲው የተቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ በመሆኑ፣ የቆየ የሊኑክስ ፍላሽ ሰክቶ ለመጠገን የሞከረውም ሰው ያንኑ ጥቁር ስክሪን ማግኘቱ ነው።

ኩባንያዎ የሰጠው ማብራሪያ አፕዴቱ አንዳንድ ለየት ባለ መንገድ የተጫኑ ባለሁለት ሲስተም ማሽኖችን ለይቶ አለማወቁን ይናገራል። ኡቡንቱን ከድረ ገጹ አውርዶ፣ «ቀጥል»፣ «ቀጥል» እያለ የጫነ ተማሪ ለየት ያለ ሰው መሆኑን የሰማው ያኔ ነው።

መፍትሔውማ ለብቻው ቢጻፍ ያስቃል። ደኅንነትን ለማጥበቅ ከመጣው አፕዴት ለመዳን መጀመሪያ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፤ ሊኑክስን አስነሥቶ በሞክዩቲል ትእዛዝ ፖሊሲውን መሰረዝ፤ እንደገና ማስነሣት፤ ከዚያ ሴኪዩር ቡትን መመለስ። በዚህ መሀል ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈበት ሰው ዊንዶውስ ለመግባት ሲሞክር የሴኪዩር ቡት መጥፋት ያስደነገጠው ቢትሎከር 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቀዋል። ሊኑክስን ሊያድን የገባ ሰው ዊንዶውስንም አጥቶ ቁጭ ይላል። በሴፕቴምበር የመጣው ቀጣይ አፕዴት ያንን ፖሊሲ መጻፍ ተወ፤ ችግሩ ተፈትቷል የተባለው ግን ሜይ 13 ቀን 2025 ነው። ዘጠኝ ወር።

ከዚህ ትልቅ በደል ሌላ ጥቃቅኖቹም አሉ። አንዳንዴ ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ግሩብ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል፤ ማሽኑ በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል። ሰውየው ሊኑክሱ የተሰረዘ ይመስለውና አዲስ አበባ መገናኛ ካሉት የጥገና ሱቆች አንዱ ዘንድ ይወስደዋል፤ እዚያ የሚሰጠው ምርመራ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። የተሰረዘ ነገር ግን የለም። የማስነሻ ፋይሎች በሚቀመጡበት የኢኤፍአይ ክፍልፍል ውስጥ ማይክሮሶፍት የሚለው ፎልደር አጠገብ ኡቡንቱ የሚለው እንዳለ ተቀምጧል፤ የተቀየረው የመነሻ ተራው ብቻ ነው። ማሽኑ ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 12 ተጭኖ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማውጣት ይበቃል። ፎርማቱ ግን ፎቶውንም የመመረቂያ ጽሑፉንም ይዞ ይሄዳል።

ሰዓቱም አለ። ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በወረሰው ልማድ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነባል፤ ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉን ሰዓት እዚያ ያኖራል። በኢትዮጵያ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው። ሊኑክስ ላይ አምሽቶ ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ የገባ ሠራተኛ ዊንዶውስን ሲከፍት ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው ይለዋል። አለቃው ባያምኑም እሱ ማስረጃ አለው። የዊንዶውሱ ፋስት ስታርትአፕ ዲስኩን በከፊል አስተኝቶ ስለሚተወው፣ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍልፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም ስለማለቱ አመልካቾች ለዛሬ ዝም ብለዋል።

ስለዚህ አመልካቾች የሚጠይቁት ይህን ነው። ኩባንያዎ ፖሊሲ ከመጻፉ በፊት የኢኤፍአይ ክፍልፍሉን ገልጦ ከራሱ ሌላ ፎልደር መኖሩን ይይ፤ ካለም ባለቤቱን ይጠይቅ። የመነሻ ተራውን ባገኘበት ይተወው። በተለይ ሺም ስትፈረምበት የኖረው የ2011 የምስክር ወረቀት ዕድሜ እስከ ጁን 2026 ብቻ ስለሆነ፣ ወደ 2023ቱ የሚደረገው ሽግግር እንደ ነሐሴው ጠዋት ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነበብ እንዳይሆን፣ ቀድሞ በግልጽ ቋንቋ ይነገራቸው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሊኑክስ ስርጭት አዘጋጆች

የግሩቡ ቀዳዳ ይፋ የሆነው በኖቬምበር 2022 ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ አሮጌውን ጫኚ ይዞ መቆየት ምን ይባላል? ደግሞም በ2021 የወጣው ግሩብ 2.06 ሌሎች ሲስተሞችን ፈልጎ የሚያገኘውን ኦኤስ ፕሮበር ዘግቶ በመምጣቱ፣ ዊንዶውስ ከሜኑ የጠፋባቸው አመልካቾች ለእናንተ የሚጽፉት ደብዳቤ በረቂቅ ላይ ነው።