ያለ አውሮፕላን የመከስከስ ዘዴ

ለመከስከስ የግድ አውሮፕላን አያስፈልግም። አንድ የፓራሹት ሸራ፣ አንድ ኮረብታና ትንሽ ይሉኝታ ይበቃል። ሸራው ይገዛል፤ ኮረብታ ሞልቷል፤ ይሉኝታውን ደግሞ ከልጅነትህ ጀምረህ ስላጠራቀምከው አታስብ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሦስት የፓራሹት ዘላዮች፣ ዣን ክሎድ ቤተም፣ አንድሬ ቦን እና ዤራር ቦሶን፣ የአውሮፕላን ወጪ መቆጠብ ፈልገው ፈረንሳይ ውስጥ ከሚዩሲ መንደር በላይ ወዳለው ተራራ ወጡ። ሸራ ዘርግተው ቁልቁል ሮጡ። ቤተም 100 ሜትር ያህል በረረ። ቦን ተከተለውና ታች ሸለቆው ውስጥ ካለ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ አረፈ። አንተ ከዚህ ታሪክ የእግር ኳስ ሜዳውን ብቻ ያዝ። መቶ ሜትሯ የፈሪ ናት፤ ሰዎቹ ቀድሞውኑ ሸራ የሚያውቁ ዘላዮች መሆናቸውም የራሳቸው ጉዳይ ነው።

አስተማሪ አትፈልግ። ካገኘህ ለቀናት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይገትርሃል። ሸራውን ከራስህ በላይ አንሣ፣ ወደ ግራ ሲያጋድል ወደ ግራ ሄደህ ከሥሩ ግባ፣ አውርደው፣ እንደገና አንሣ፤ እንደ እረኛ ሸራ ስትጠብቅ መዋል! በረራ የሚጀምረው እግር መሬት ሲለቅ ነው ብለህ እመን። እርግጥ ሸራው አየር ከሞላበት ቅጽበት ጀምሮ እየበረረ ነው፤ አንተ ገና ቆመሃል ብሎ አይጠብቅህም። ይህ ከገባህ ግን የቀረው ምክሬ ሁሉ ከንቱ ነው።

ኮረብታ ስትመርጥ ለስላሳውን ምረጥ። የዝላይ ሸራ 3 ሜትር ያህል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር 1 ሜትር ይወርዳል። ከኮረብታ ለመብረር፣ ማለትም ለፓራግላይዲንግ፣ የተሰፋው ክንፍ በዚያችው 1 ሜትር 8 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከሸራው አወራረድ ይበልጥ የለዘበ ከሆነ መሬቱ ከእግርህ ሥር አይሸሽም፤ ድንጋይ ድንጋዩን እየነካካህ ትወርዳለህ። ሸራውም ትንሽ ይሁን። ጀማሪዎች የሚማሩበት ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ስለሆነ ፎቶ ላይ አያምርም።

ዝላይ ላይ ሸራውን ጎትታ የምታወጣውን ትንሿን ፓራሹት ከጀርባው አትፍታት። ቁጥቋጦ የምትይዝልህ እሷ ናት። የጭን ማሰሪያህን ለመፈተሽም አትጎንበስ፤ የደረቱ ለፎቶ ይበቃል። ቢከፋ መጠባበቂያ ፓራሹት አለኝ ብለህ ተጽናና። 10 ሜትር ከፍታ ላይ ብትስባት የምትከፈተው አንተ ካረፍክ በኋላ ነው፤ ለመከናነቢያ ግን ትሆናለች።

ስለ ነፋስ ብዙ አትጨነቅ። አውድማ ላይ ምርቱን በመንሽ ሽቅብ እየወረወረ ገለባውን ከፍሬው የሚለየውን ገበሬ አይተኸዋል? ነፋሱ እስኪመጣ ይቀመጣል፤ አቅጣጫ ከቀየረ ቦታውን ይቀይራል፤ ካበደ መንሹን ጥሎ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለገለባ ነው። አንተ የምትወረውረው የራስህን አጥንት ብቻ ስለሆነ ቸኩል። ጀማሪ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ፣ የማይቆራረጥና ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ይፈልጋል ይላሉ። 30 ከሆነ የ15 እጥፍ ብቻ ነው ብለህ አስላ፤ ሸራህን የሚጎትተው ጉልበት አራት እጥፍ መሆኑን ትከሻህ ይነግርሃል። ከኮረብታው ጀርባ፣ ነፋሱ አናቱን አልፎ እየተንከባለለ በሚወርድበት በኩል መነሣትም ይቻላል፤ እዚያ ሸራ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። ሰዓቱን ቀትር አድርገው፤ መሬቱ ሲግል አየሩ በየቦታው እየፈላ ይነሣል።

አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ፣ ፖይንት ኦፍ ዘ ማውንቴን የሚባል ስመ ጥር መብረሪያ አለ። ጠዋት በደቡቡ በኩል፣ ወደ ማታ በሰሜኑ በኩል ይበርሩበታል፤ ነፋሱ ሲዞር ሰዎቹም ይዞራሉ። አንተ መኪናህን ባቆምክበት በኩል ተነሣ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጓደኞችህ ስልካቸውን ደግነው ቆመዋል። ነፋሱ ጠንከር ሲል ፊትህን ወደ ሸራው አዙረህ ታነሣዋለህ፣ ከዚያ ትዞርና ትሮጣለህ። በየትኛው በኩል እንደምትዞር አስቀድመህ አታስብ፤ በተሳሳተው በኩል ከዞርክ ገመዶቹ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ሸራው አጋድሎ ወጣ? አንድ ገመድ ተቋጥሯል? እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው አውርዶ እንደገና ይጀምራል። አንተ ግን ሦስት ጊዜ ስታወርድ አይተውሃል፤ አራተኛው ያሳፍራል። ምን ይሉኛል ብለህ ሩጥ። እግርህ ትንሽ ቀለል እንዳለህ ሩጫህን አቁመህ ወንበር ላይ እንዳለ ሰው ተቀመጥ፤ ሸራው ገና አልተሸከመህምና በመቀመጫህ ታርሳለህ። ደግሞ ሁለቱንም የሸራውን የፍሬን ገመዶች እስከ ጉልበትህ ሳብ፤ ክንፉ መብረሩን ይተዋል። እንደ ምንም ከተነሣህ ወደ ዳገቱ ታጠፍ፣ ያውም ዝቅ ብለህ። ሸራ ሲታጠፍ ወደ ታች እንደሚወረወር የምታውቀው ያኔ ነው።

ነፋሱ መሬት ለመሬት ከጎተተህም ተረከዝህን ተክለህ በሁለቱ እጅህ እኩል ታገል። አንዱን ፍሬን ብቻ እየጠቀለሉ መሳብ ሸራውን ስለሚያሟሽሸው ጨዋታውን ያበላሻል።

ኮረብታው ላይ አንድ ሰው ታያለህ። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሣሩ ሲወዛወዝ ይመለከታል። ከዚያ ምንም ሳይዘረጋ ሻንጣውን አዝሎ በእግሩ ይወርዳል። ከእሱ አትማር፤ ግን ሰላምታ አትንፈገው። ሐኪም ቤት የሚያደርስህ እሱ ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ደህና እግር የቀረው እሱ ብቻ ነዋ።