ከፍራይቡርግ፦ ስለ ቦታውም ስለ ሆዴም

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። የሆዴን ነገር ኋላ አነሳዋለሁ፤ አስቀድሜ ስለ ቦታው ልንገርሽ።

እትዬ በስልክ እንዳለችኝ፣ ጭቃ ውስጥ አካፋ ይዤ የተነሳሁት ፎቶ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ «ምስኪን፣ ቁፋሮ ገባ» ሲል፣ ግማሹ «ጀርመን አገር ቦታ ገዛ» ይላል አሉ። ሁለቱም ውሸት ነው። እዚህ ከከተማው ዳር የጓሮ አትክልት ማኅበር አለ፤ ለአባላቱ ትንሽ ትንሽ መሬት በኪራይ ይሰጣል። ሕጉ በ1983 የወጣ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፤ ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር፣ ጎጆው ደግሞ ከ24 ካሬ እንዳይበልጥ፣ ማንም ቤቴ ብሎ እንዳይኖርበት ይላል። ጋሼ 400 ካሬ የሚለውን ሲሰማ «ካርታ አለው?» ማለቱ አይቀርም። የለውም በይው፤ የኔማ ግማሹንም አይሞላ። ደግሞ ከቦታው ሲሶው አትክልትና ፍራፍሬ መሆን አለበት፤ ይህንንም በ2004 ፍርድ ቤት አጽንቶታል። ሲሶ የሚባል ነገር ከአገሩ ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተከትሎኝ መጥቷል። ብቻ ገንዘብ ከፍለው የሚቆፍሩበት አገር ነው፤ ሌላ ምን ልበልሽ።

ከኔ በፊት የነበሩት ተከራይ አንድ ተክል ትተውልኝ ሄደዋል። ጀርመኖቹ ቶፒናምቡር ይሉታል። እንግሊዞች የኢየሩሳሌም አርቲቾክ ይሉታል፤ ኢየሩሳሌምን ግን አልረገጠምና እንዳትሳለሚው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ሻምፕላን የሚባል ፈረንሳዊ በ1605 በዛሬዋ ማሳቹሴትስ ዳርቻ ነባሮቹ ሕዝቦች ሲያለሙት አይቶ ጽፏል፤ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ገባ። የሱፍ አበባ የሥጋ ዘመድ ነው፤ እስከ ሦስት ሜትር ይመዘዛል። መስከረም ላይ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ለእንቁጣጣሽም አደይ ባላገኝ እሱን ቆርጬ ገበታው ላይ አቆምኩት። ሽቅብ ስናየው አንገታችንን አመመን እንጂ ቢጫነቱስ ቢጫ ነው።

የሚበላው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ግንዱ ሲደርቅ ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ፣ መሬቱ በበረዶ ካልደነደነ፣ ቆፍሮ ማውጣት ነው። እንደ ድንች ጎተራ አያውቅም፤ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ይጠወልጋል። ስለዚህ የዕለቱን ብቻ እያወጡ ሌላውን አፈር ውስጥ መተው ነው። ሲወጣ ጉብ ጉብ ያለ፣ ዝንጅብል የመሰለ፣ በየጉብታው መሀል ጭቃ የጎረሰ ነገር ነው። ለማጠቢያው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ መድቤለታለሁ። መላጥ የሚባለውን ትቼዋለሁ፤ የሚላጠው ከሚተርፈው ይበልጣል።

ለጾሙ አልጫ አደረግሁት። ሽንኩርቱን በዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እርድ፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያ፤ አንቺ እንደምትሠሪው። ሥሩ ሲቆረጥ ቶሎ ይጠቁራልና ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እንደ ድንች አይታገሥም፤ አሁን ጥሬ ነው ስትዪ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ገንፎ ሆኗል። ጣዕሙ ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ጣፈጥ ያለ ነው። በኔ ፍርድ ከወጡ ይልቅ በዘይትና በጨው ታሽቶ ኦቨን ውስጥ የተጠበሰው ይበልጣል፣ ግን እንጀራ ላይ ካልዋለ እንግዳ አልተጋበዘም ይባላል።

ከቅዳሴ በኋላ የማኅበራችንን ሰዎች ጠራሁ። «እጅህ ይባረክ» ተባልኩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ያልጨለፈ የለም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ ስልክ ላውራ ብሎ በረንዳ ወጣ፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሌላው «ብቻውን አይሁን» ብሎ ተከተለው። ውጭው ከዜሮ በታች ነው። ቤት የቀሩት ስለ አገር ፖለቲካ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መከራከር ጀመሩ፤ ቆይቼ ሳዳምጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ሐሳብ ነው ያላቸው። ክርክሩ ለድምፁ ነበር። ሦስተኛውን ሳይጠጡ ሁሉም ተሰናብተው ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንች ስታርች ሲያከማች ይህኛው ኢኑሊን የሚባል ነገር ያከማቻል። የኛ ሆድ ኢኑሊንን መፍጨት አይችልም፤ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እንደ ጠላ ያብላሉታል። ጆን ጉድየር የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት አዋቂ በ1621፣ እንዴትም ቢሠራ ሆድ ያውካል፣ ለሰው ሳይሆን ለአሳማ ይሻላል ብሎ ጽፏል። ፈረንሳዮች ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ድንቻቸውን ሲወስዱባቸው በዚህ ሥር ነው የከረሙት፤ ያን ጊዜ ያሳለፉ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ሊያዩት አልፈለጉም። ዛሬ ደግሞ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ሾርባ አድርገው በማንኪያ እየለኩ ይሸጡታል።

ጎረቤቴ አዛውንቱ ጀርመናዊ ግን ምንም አይገርማቸውም። ውርጭ ይምታው አሉኝ፤ እውነትም ብርዱ ሲያገኘው ከኢኑሊኑ ከፊሉ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ይጣፍጣልም፣ ሆድም ላይ ይለዝባል። ሎሚ ጨምቆ ረዘም አድርጎ መቀቀልም ይረዳል። ለጀማሪ ደግሞ ሁለት ቁራጭ ይበቃዋል፤ ይህን ለእንግዶቼ የነገራቸው አልነበረም። የእሳቸው ዋና መድኃኒት ግን ሌላ ነው። በዚህ በባደን አገር ከዚሁ ሥር አረቄ ያወጣሉ፣ «ቶፒ» ይሉታል፣ ከምግብ በኋላ ይጠጣል። ሆድ የነፋው ራሱ መድኃኒቱን አዘዘ ማለት ነው። ቀመስኩት፤ አፈር አፈር ይላል፣ ግን ይሠራል። ጾም ነውና ለቄሱ አትንገሪ።

ዘሩን ላክልኝ ያልሽውን አልረሳሁም። አልልክም። አንደኛ፣ አፈር የነካ ሥር በሻንጣ ደብቆ ድንበር ማሻገር ለአገር በሽታ ማስገባት ነው። ሁለተኛ፣ ጣት የምታህል ቁራጭ አፈር ውስጥ ከቀረች በሚያዝያ ትበቅላለች፤ ጎረቤቴ ከአጥራቸው ሥር ሊነቅሉት ስንት ዓመት እንደታገሉ ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የአንቺን ጎመን ሳይውጥ አይተኛም። ጎመን በጤና ብያለሁ።

ይልቅ አንቺ ላኪልኝ፦ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ ኪሎ፣ ጠጠሩ የተለቀመ፣ በሚመጣ ሰው። ለፋሲካ እነዚያኑ ሰዎች ልጠራቸው ነው።

ልጅሽ