ሴዳንን በአራት ቸርኬ የማበላሸት መመሪያ

ጤነኛ ሴዳን ማበላሸት የፈለገ ሰው ሞተር መንካት አይጠበቅበትም። አራት ቸርኬና አራት ጎማ ይበቁታል። ናይሮቢ ውስጥ ኢስትሊ የሚኖር ከሆነማ ሩቅ መሄድም የለበትም፤ ፈርስት አቬኑን ሳይጨርስ ጎማ ቤት ያገኛል። እዚያ ያጣውን ኪሪንያጋ ሮድ ወርዶ ይፈልጋል፤ የድሮ ሰዎች ዛሬም ግሮጋን የሚሉት፣ መለዋወጫ ከላይ እስከ ታች የተደረደረበት መንገድ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው መኪናውን ለማበላሸት ቆርጦ ለተነሳ ሰው ነው። ምክሩን ገልብጦ የሚያነብ ከተገኘ ግን ጸሐፊው የሚመኘው እሱን ነው።

የሰፈሩ ሴዳን ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ፕሪሚዮ፣ አሊዮን፣ አክሲዮ፣ ማርክ ኤክስ፣ ኢምፕሬዛ፤ ጃፓን ሲነዳ ቆይቶ በሞምባሳ ወደብ የገባ። ኬንያ ዕድሜው ከስምንት ዓመት ያለፈ መኪና ስለማታስገባ ዕቃው ሲመጣ ገና ጉልበት አለው። ባለቤቱን የሚያሳፍረው ቸርኬው ነው፤ ባለ 15 ኢንች፣ አንዳንዴም በፕላስቲክ የተሸፈነ ተራ ብረት። በር ላይ ቆሞ የ6 እና የ9 ቁጥር የሕዝብ ማመላለሻ ማታቱዎች ቸርኬያቸውን እያብረቀረቁ ሲያልፉ ያያል። ጎረቤቱ ደግሞ ማርክ ኤክሱን በጥቁር ባለ 18 አሳምሮ አቁሟል። ልብ የሚሸፍተው እዚህ ላይ ነው።

ልቡ የሸፈተ ሰው የሾፌሩን በር ከፍቶ እንዳያይ ይጠንቀቅ። በሩ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ አንዲት ተለጣፊ አለች፤ መኪናው በምን ልክ ጎማ እንደተሠራና ስንት ንፋስ እንደሚሞላ የምትናገረው እሷ ናት። ብዙዎች «ጃፓንኛ ነው» ብለው ያልፏታል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ጃፓንኛ አይደለም። 195/65 አር 15 የሚለውን ማንም ያነበዋል፦ የጎማው ስፋት 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች። ከዚህች መስመር የጎማው ሙሉ ቁመት ወደ 634 ሚሊ ሜትር እንደሆነ በስልክ ካልኩሌተር ማውጣት ይቻላል። የመኪናው ፍጥነት መለኪያ፣ ማርሹና ፍሬኑ የተሰሉት በዚህ ቁመት ላይ ነው።

ስሌቱን የተወ ሰው በዓይኑ ይመርጣል፤ ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁን ነው የሚመርጠው። ባለ 18 ቸርኬ ላይ 225/45 ጎማ ቢያደርግ ቁመቱ ወደ 660 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በአራት በመቶ አደገ ማለት ነው። መለኪያው 100 ሲል መኪናው በ104 እየሄደ ነው። መሪውን ሙሉ ሲያዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል፤ አምስት ሰው ሲሳፈር ደግሞ ከኋላም መፋቅ ይጀምራል። ይህን የሰማ ሻጭ ቀጭን ጎማ ያቀርብለታል፦ 215/35። አሁን መፋቁ ቀረ። ነገር ግን 127 ሚሊ ሜትር የነበረው የጎማው ጎን ወደ 75 ወረደ፤ በመንገዱና በቸርኬው መካከል ያለው ትራስ አምስት ሳንቲ ሜትር ቀነሰ።

አምስት ሳንቲ ሜትር ትንሽ መስሎ የሚታየው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ረጅሙ ዝናብ እስኪመጣ ነው። የኢስትሊ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ያን ጊዜ ውኃ ይተኛባቸዋል፣ ጉድጓዱ ከኩሬው አይለይም። ወፍራም ጎን ያለው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ይታጠፍና ይመለሳል። ቀጭኑ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መሐል ይቆነጠጣል፤ ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና በማግስቱ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይወጣል። ያ እብጠት አይጠገንም። ያን ጎማ መጣል ነው እንጂ «እስኪፈነዳ ልንዳበት» የሚባል ነገር የለም።

ጉዳዩ ትራስ ብቻም አይደለም። 215/35 አር 18 በብዛት የሚመጣው በጭነት ቁጥር 84 ነው፤ አንዱ ጎማ 500 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ያውም በተለጣፊዋ ላይ ከተጻፈው በላይ በሆነ ንፋስ። መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ልክ ግን በተለምዶ 91 ነው፤ 615 ኪሎ። ቤተሰብ፣ ሻንጣና የዘመድ ዕቃ ለሚጭን ሰው ይህ ልዩነት ከቸርኬው ቀለም በፊት ሊያሳስበው ይገባል። መልክ ሳይከለከል መሐል መንገድ አለ፦ 205/55 አር 16። ቁመቱ ከመጀመሪያው በሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይለያል፣ የጭነት ቁጥሩም እዚያው 91 ሊገኝ ይችላል። መኪናውን ለማበላሸት የቆረጠ ሰው ግን ይህን ልክ ይሽሽ።

ብልሽቱ ይበልጥ እንዲሠምር ደግሞ ቸርኬው ሲመረጥ ቀዳዳ ብቻ ይቆጠር። «ፋይቭ ሆል ነው?» «ፋይቭ ሆል ነው።» ገበያው እዚህ ላይ ያልቃል። ማርክ ኤክስም አምስት ቀዳዳ አለው፣ ፕሪሚዮም አምስት ቀዳዳ አለው። ነገር ግን የማርክ ኤክስ ቀዳዳዎች የተሰደሩበት ክብ 114.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፕሪሚዮው 100 ነው። አይገጥምም፤ ስለዚህ አንዱ ቀዳዳውን በድሪል ያሰፋለታል፣ ሌላው ባዕድ ብረት መሐል አስገብቶ ቸርኬውን ወደ ውጭ ይገፋለታል። የሰፋው ቀዳዳ ዳዶውን አጥብቆ አይዝም። የተገፋው ቸርኬ ደግሞ ክብደቱን ከኩሽኔታው ያርቀዋል፤ ኩሽኔታው በወራት ውስጥ ማጉረምረም ይጀምራል።

ከዚህ የረቀቀው ስህተት የሱባሩ ኢምፕሬዛ ቸርኬ ቶዮታ ፕሪሚዮ ላይ መግጠም ነው። ይህንን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። የአብዛኞቹ ኢምፕሬዛዎች አቀማመጥ እንደ ፕሪሚዮው አምስት በ100 ነው። ፈንዲው (መካኒኩ) ቸርኬውን አንስቶ ይሰካል፤ አምስቱም ቡሎን ጥርግ ብሎ ይገባል። ገዢው ይደሰታል። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከጀርባ መሐሉን ቢያይ ግን በቸርኬው መሐል ቀዳዳና በመኪናው ክብ ብረት መካከል ዙሪያውን የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ያገኛል። የሱባሩው ቀዳዳ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፕሪሚዮው ብረት 54.1። ቸርኬው መሐሉን ይዞ ሳይሆን በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቲካ ሮድ ወጥቶ 90 ሲደርስ መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ተመልሶ ባላንስ ያሠራል፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው ይለዋል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ጎማውን የሚይዘው በራሱ መሐል ነው፣ በመኪናው አይደለም። ሦስቴ ባላንስ ከፍሎ ሦስቴ የተመለሰ ሰው የጎደለው አንዲት ቀለበት ናት፤ ውጭዋ 56.1፣ ውስጧ 54.1፣ ከሁሉም ዕቃ ርካሿ።

ዳዶው የባሰ ነው። ሻጩ ቸርኬውን ከነዳዶው ይመርቅለታል። የሁለቱም መኪና ቡሎን ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዓይን አንድ ናቸው። የቶዮታው ጥርስ ግን በ1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት የተቆረጠ ነው፤ የሱባሩውና የኒሳኑ በ1.25። በጣት ሲዞር ጥቂት ይሄድና ይደርቃል። ያ ድርቀት ማስጠንቀቂያ ነው፤ እጅ ያወቀውን ማመን ይገባል። በንፋስ መፍቻ ሲገፋ ግን እየጮኸ ይገባል፣ ጥርሱን እየበላ። የጠበቀ ይመስላል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በፍጥነት ላይ፣ ቡሎኑ ይቆረጣል። ቶዮታ ለእነዚህ ሴዳኖች የሚያዘው ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ያንን የሚለካ መፍቻ ያለው ፈንዲ ያገኘ ሰው አይልቀቀው። ቸርኬ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶው እንደገና መታየት አለበት።

ስለ ቅጂ ቸርኬ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቢቢኤስ በ1970 ጀርመን ውስጥ ሺልታክ በምትባል ከተማ የተመሠረተ ነው፤ ስሙም የሁለቱ መሥራቾችና የከተማዋ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። የጃፓኑ ሬይስ በ1996 ያወጣው ቲኢ37 ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ዝናው የመጣው ከቅለቱና ከጥንካሬው ነው። ሁለቱም በመላው ዓለም ይኮረጃሉ። መልኩ ይኮረጃል፣ ብረቱ አይኮረጅም። የጃፓን ቸርኬ ላይ ጄ ደብሊው ኤል የሚል ምልክት ይፈለግ፤ ምልክት ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ምንም ያልተጻፈበት ቸርኬ መልሶ መስቀል ነው።

አሁን ወደ ጎማው። ኬንያ በ1969 የተቋቋመ የራሷ የጎማ ፋብሪካ ነበራት፤ ፋየርስቶን ኢስት አፍሪካ ተብሎ ተጀምሮ በኋላ ሳሚር አፍሪካ የተባለው፣ ያና የሚባለውን ጎማ ያወጣ የነበረው። በ2016 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ከውጭ በሚመጣ ተሞልቷል፤ ከዚህ ውስጥ «ኤክስ ጃፓን» የሚባለው ያገለገለ ጎማ በርካሽነቱ ይጎትታል። የተቀባው ቅባት ጥቁርና አብረቅራቂ ያደርገዋል፤ ጥርሱም ጥልቅ ነው። ስህተት የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ጥርሱን ዓይቶ ይግዛ።

የጎማ ዕድሜ የተጻፈው ጎኑ ላይ ነው። ዶት ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ባለው ረድፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፦ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሮቹ ያሉት በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚሆን አንዳንዴ ወደ ውስጥ ዞረው ይታሰራሉ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ መፈለግ ነው። ብዙ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ፣ ከአሥር በላይ የሚፈቅድ አምራች ግን የለም ማለት ይቻላል። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በኅዳር 2013 በፖርሽ መኪና ውስጥ ሲሞት ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑ ተረጋግጧል፤ መርማሪዎች ግን ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው እንደነበሩም በሪፖርታቸው ጽፈዋል። መኪናው ውድ መሆኑ ከጎማው እርጅና አላዳነውም።

ከጃፓን የሚመጣ ጎማ ሌላም ጉድ አለው፤ የበረዶ ጎማ ሊሆን ይችላል። ብሪጅስቶን ብሊዛክን በ1988 ያወጣው ለጃፓን ክረምት ነው፤ ላስቲኩ በዜሮ ዲግሪ እንዲለሰልስ የተሠራ። ናይሮቢ ላይ በረዶ የሚታየው ከሩቅ፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ባለው የኬንያ ተራራ ጫፍ ነው። በጋለ አስፋልት ላይ ያ ለስላሳ ላስቲክ ይዋልላል፣ ፍሬን ሲያዝ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፣ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል። ጎኑ ላይ «ስተድለስ» የሚል ጽሑፍ ወይም በተራራ ውስጥ የበረዶ ኮከብ የሚመስል ሥዕል ካለ መለየት ቀላል ነው። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለና በቀጫጭን ስንጥቆች የተሸለተ ስለሆነ አዲስ ይመስላል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይሄው ነው።

የመጨረሻው ጥፋት ንፋሱ ነው። «ሩቅ መንገድ ነው፣ ሙቀት አለ፣ ትንሽ ንፋስ እንቀንስለት» የሚለው ምክር ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ይሰማል፤ ሰው ይገድላል። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር ይግላል፣ በጋለ ቁጥር ውስጡ ያሉት ንብርብሮች ይላቀቃሉ። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማ ከገበያ የሰበሰበው በዚህ ዓይነት መላቀቅ ነው። ከጎማዎቹ አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የታሰሩ ነበሩ፣ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። የአሠራር ጉድለት እንደነበረ ተረጋግጧል፤ ዝቅተኛው ንፋስ፣ ሙቀቱና ጭነቱ ደግሞ ነገሩን አባብሰዋል። ንፋሱ መለካት ያለበት ጎማው ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ሳይነዳ ነው። መንገድ ላይ ሲግል ንፋሱ ከፍ ቢል አይተነፈስ፤ ተለጣፊዋ ላይ ያለው ቁጥር ያንን አስቦ የተጻፈ ነው።

ከናይሮቢ ሞያሌ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ከኢሲዮሎ በላይ ያለው ኮረት ጎማ ይጨርስ ነበር። ዛሬ መንገዱ በማርሳቢት በኩል እስከ ድንበሩ አስፋልት ነው፤ በዚህም ምክንያት ፍጥነቱ ጨምሯል፣ ሙቀቱ ግን ያው የሰሜን በረሃ ሙቀት ነው። ጎማ ቢፈነዳ በአቅራቢያው ፈንዲ ላይኖር ይችላል። ዘመድ ልትቀበሉ ወይም ልትሸኙ በዚያ መንገድ የምትወጡ ሁሉ፣ በመነሻችሁ ጠዋት የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ተለጣፊዋን አንብቡ፣ ንፋሱን ለኩ፣ ዳዶውን በእጅ መፍቻ አረጋግጡ። ተጠባባቂውን ጎማም ከሻንጣው ሥር አውጥታችሁ አራቱን ቁጥሮች እዩ፤ ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ ካሉት ሁሉ የሚያረጀው እሱ ነው።